በጨለማው ወራት የባሕር ጠረፍን ያነሣ ባለሙያ

ኸርበርት ጆርጅ ፖንቲንግ በ1870 ሶልስበሪ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዘመን አቆጣጠር ሁሉ የአውሮፓውያን ነው)። አባቱ የባንክ ሰው ስለ ነበር ልጁም በ18 ዓመቱ ሊቨርፑል ውስጥ ባንክ ቤት ተቀጠረ፤ ነገር ግን ከአራት ዓመት በላይ አልታገሠም። ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ የፍራፍሬ እርሻ ቢሞክር ከሰረ። ለትርፍ ጊዜው የያዛት ካሜራ በመጨረሻ እንጀራው ሆነች። በ1904 እና በ1905 የሩሲያንና የጃፓንን ጦርነት በፎቶግራፍ ዘገበ፤ ስለ ጃፓንም በ1910 መጽሐፍ አሳተመ። ለሙያው ሲል ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ መሄዱን ግን በጎ ብሎ የሚያልፈው ያለ አይመስለኝም።

ስሙን ያስጠራው ካፒቴን ስኮት ወደ ደቡብ ዋልታ የመራው ጉዞ ነው። ቡድኑ በጃንዋሪ 1911 ኬፕ ኢቫንስ በተባለው ጠረፍ፣ ከኤሬቡስ እሳተ ገሞራ ግርጌ፣ የእንጨት ቤት ሠራ። በዚያ አገር ፀሐይ በኤፕሪል መጨረሻ ጠልቃ እስከ ኦገስት መጨረሻ አትታይም። የብርዱ ወራት ከእኛ ክረምት ጋር መገጣጠሙ ያስገርማል፤ እኛ በሰኔና በሐምሌ ስለ ጭቃ ስናማርር፣ እዚያ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ይወርዳል።

በዚህ ብርድ ፎቶግራፍ ማንሣት ሙያውን እንደ ገና ከፊደሉ መማር ነበር። ካሜራው ከውጭ ወደ ሞቀው ቤት ቢገባ ሌንሱን እርጥበት ያለብሰዋል፤ እርጥበቱም ወደ ብርዱ ሲመለስ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ስለዚህ ፖንቲንግ ካሜራዎቹን ውጭ ማሳደር ልማዱ አደረገ። የተንቀሳቃሽ ፊልም መሣሪያውን ዘይት ብርዱ ስለሚያረጋው፣ ጠርጎ በምትኩ የግራፋይት ዱቄት ተጠቀመ። ትንፋሹ ሌንሱን እንዳይነካ መጠንቀቅ ነበረበት። አንድ ጊዜ ምላሱ የካሜራውን ብረት ቢነካ ተጣበቀ፤ ሲያላቅቀውም ቆዳው እዚያው ቀረ። የመስተዋት ነጌቲቮቹን የሚያጥበው በረዶ አቅልጦ ነው። በቤቱ ውስጥ የተሰጠችው ጠባብ ጨለማ ክፍል መኝታውም ነበረች።

አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በጃንዋሪ 1911 ከበረዶ ዋሻ ውስጥ ሆኖ መርከቧን ያነሣበትን ሥዕል ነው። ውብ ነው። ሆኖም ለባለሙያ ዓይን የሚበልጠው በጁን ወር በድፍን ጨለማ የሠራው ይመስለኛል። ከጠረፉ አጠገብ ባሕሩ ሲረጋ የተያዘ፣ ግንብ የሚመስል የበረዶ ተራራ ነበር። ፖንቲንግ የብርሃን ዱቄት አቀጣጥሎ ያንን ግንብ ከጨለማው ነጥሎ አወጣው። ዱቄቱ ሲነድ ብርሃኑ የቅጽበት ነውና፣ የሚበራበትን ጎንና የካሜራውን ቦታ አስቀድሞ በሐሳቡ መሳል ነበረበት። ያው ተራራ ፀሐይ ስትመለስም በሌላ መልክ ተነሥቷል።

ጓደኞቹ ለሥዕሉ ሲሉ በብርድ እያቆመ ስላስቸገራቸው ከስሙ አንድ ግስ ፈጠሩ፤ ትርጉሙም እስኪደርቁ ድረስ ለፎቶግራፍ መቆም ነበር። ቢቀልዱበትም ትምህርቱን አልናቁም። ስኮትና ባወርስ ካሜራ አያያዝን ከእሱ ተማሩ። በጃንዋሪ 18 ቀን 1912 አምስቱ ሰዎች በዋልታው ላይ የተነሡትን ፎቶግራፍ ባወርስ በገመድ ስቦ አነሣው። ያነሡት ፊልም ከአስከሬናቸው ጋር በኖቬምበር 1912 በድንኳናቸው ተገኘ። እነሱ በማርች መጨረሻ ሲሞቱ መምህራቸው ወደ ኒውዚላንድ በምትመለስ መርከብ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የፖንቲንግ ሥራ የሟቾቹ መታሰቢያ ሆነ። የፊልሙን መብት በ1914 በ5,100 ፓውንድ ገዝቶ ለንደን ውስጥ እያሳየ ንግግር አደረገ። በዚያው ዓመት ጦርነት ተነሣ። ፊልሙን በ1924፣ በኋላም ድምፅ ጨምሮ በ1933 እንደ ገና አዘጋጅቶ ቢያቀርብም አላበለጸገውም፤ የሞከራቸው ፈጠራዎችም ከሰሩ። በ1935 ለንደን ውስጥ ዕዳ ሳይለቀው ሞተ።

ከ1,700 በላይ የመስተዋት ነጌቲቮቹን በ2004 የካምብሪጅ የዋልታ ምርምር ተቋም ገዛቸው። በኬፕ ኢቫንስም ቤቱ እስከ ዛሬ ቆሟል። በ2013 የጥገና ሠራተኞች በዚያች ጨለማ ክፍል ውስጥ እርስ በርስ የተጣበቁ 22 ነጌቲቮች አገኙ። የፖንቲንግ አልነበሩም፤ ከእሱ በኋላ በቤቱ የከረሙ የሌላ ጉዞ ሰዎች ትተዋቸው የሄዱ ነበሩ። ተላቅቀው ሲጸዱ ያው ባሕርና ያው በረዶ ታየባቸው።