አባ ጎርጎርዮስ እና ስማቸውን ያልረሳው ተማሪ

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በአማራ ምድር፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አገር፣ መካነ ሥላሴ በተባለ ቦታ ነው። አገራቸውን ለቀው ሮም ሲኖሩ እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ወጣት ጀርመናዊ ጋር ተዋወቁ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ነበር የተማረው። በ1652 አባ ጎታ ወደምትባል የጀርመን ከተማ ሄደው አስተማሩት። እሱ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ። የአማርኛ ቃላቱን፣ የአገራችንን ወንዞች፣ እንስሳቱን፣ የነገሥታቱን ታሪክ ነገሩት። እሱም መዘገበ።

በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ሊመለሱ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ።

ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ መጽሐፍ በ1681 ሲያሳትም አባ ከሞቱ 23 ዓመት ሆኗቸዋል። ዝም ቢል ማን ይጠይቀው ነበር? እሱ ግን እውቀቱን ከማን እንዳገኘ ስማቸውን ጠርቶ ጻፈ። ሥዕላቸውንም አሳተመ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም አወጣ።

ይሄን ሳነብ አፈርኩ። በሳይንስ ክበባችን የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። በዚያ ውርጭ አንድ ወር ሙሉ ቴርሞሜትሩን እያየች የመዘገበችው ግን ጓደኛዬ ናት። ሠንጠረዡ ላይ የጻፍኩት የእኔን ስም ብቻ ነበር። ለእኔ ተጨበጨበ፣ እሷ ዝም አለች።

ዛሬ ስሟን ከእኔ ስም በላይ ጽፌ ሠንጠረዡን እንደገና ለጥፌዋለሁ። ሄዳችሁ እዩት።