ስለ ሻለቃ ቺዝማንና ስለ መንገደኞች ወፎች

ልጆች ሆይ፤ ክረምቱ አልፎ መስከረም በጠባ ጊዜ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ቆማችሁ ብትመለከቱ፥ በክረምቱ ወራት ያልነበሩ ወፎች ቀስ በቀስ ሲመጡ ታያላችሁ። ሆዷ ቢጫ የሆነ አንዲት ትንሽ ወፍ ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዘች ከከብቶች እግር ሥር ዝንብ ትለቅማለች። ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ጨረባ በሜዳው ላይ ዝቅ ብላ ትበራለች። ሽመላም በረግረጉ ዳር ትቆማለች። ሚያዝያ ካለፈ በኋላ ግን ብትፈልጓቸው አታገኟቸውም። እነዚህ ወፎች ከወዴት መጡ? ወዴትስ ሄዱ? ስለ አገራችን ወፎች ይህን ከመረመሩት ሰዎች አንዱ፥ በጎጃም ዘጠኝ ዓመት ያህል የኖረው ሻለቃ ሮበርት ኤርነስት ቺዝማን ነው። ከታሪኩ ጥቂቱን እንናገራለን። የምንጽፈው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ቺዝማን በ1878 ዓመተ ምሕረት በእንግሊዝ አገር ኬንት በምትባል አውራጃ ተወለደ። ኤቭሊን የምትባል ታናሽ እኅት ነበረችው፤ እርስዋም ነፍሳትን በመመርመር የታወቀች ሊቅ ሆነች። ቺዝማን በመዠመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር ሆኖ ወደ ኢራቅ ዘመተ፤ ከጦርነቱም በኋላ በዚያው አገር ለእንግሊዝ መንግሥት እንደራሴ ጸሐፊ ሆኖ አገለገለ። በ1923 እና በ1924 በዐረብ ምድረ በዳ በግመል ተጕዞ ጀብሪን እስከምትባለው የውኃ ቦታ ደረሰ። በመንገዱም ወፎችንና አራዊትን ሰበሰበ፥ ያየውን ሁሉ ጻፈ። በአሸዋ ውስጥ ከምትኖር ከአንዲት ትንሽ አይጥ መሰል አውሬ የመጻሕፍት ስም ላይ ዛሬም የርሱ ስም ተጨምሮ ይገኛል።

በ1925 ዓመተ ምሕረት ቺዝማን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመና በዳንግላ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ጎጃምን ይገዙ የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ቺዝማን ካርታውን ባየ ጊዜ፥ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ከብቦ ወደ ሱዳን የሚወርድበት መንገድ ብዙው በግምት ብቻ የተሣለ ሆኖ አገኘው። ማንም ተከታትሎ አልለካውም ነበረና። ስለዚህ የሥራው ጊዜ በፈቀደለት መጠን በእግርና በበቅሎ እየሄደ፥ በሸለቆው መሄድ በማይቻልበት ስፍራ በደጋው ዳር እየዞረ፥ የወንዙን መንገድ እየለካ ጻፈ። የጣናንም ደሴቶችና ገዳማት ዞሮ ተመለከተ።

ልጆች ሆይ፤ ይህን ልብ አድርጋችሁ አስተውሉ። በክረምት ወንዞች ስለሚሞሉ መንገደኛ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ቺዝማን መንገዱን የሚሄደው ዝናሙ ካቆመ በኋላ በበጋ ነበረ። ከኤውሮጳ የሚመጡት ወፎችም በአገራችን የሚሰነብቱት በዚያው በበጋ ነው። የኤውሮጳ ብርድ የሚያሳድዳቸው ወፎችና ወንዝ የሚለካው ሰው በአንድ ወቅት በአንድ አገር ተገናኙ።

ሹመቱ ወፍ እንዲመረምር አላዘዘውም። እርሱ ግን በየሰፈረበት ስፍራ ወፎችን ይሰበስብ ነበር። አንድ ወፍ በያዘ ጊዜ የተገኘችበትን ቀንና ቦታ በትንሽ ወረቀት ጽፎ በእግሯ ላይ ያስራል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ያለዚያች ወረቀት ወፏ ላባ ብቻ ናት። ቀንና ቦታ ከተጻፈላት ግን ምስክር ትሆናለች። ብዙ ምስክሮች በተሰበሰቡ ጊዜ፥ የትኛው ወፍ ዓመቱን ሙሉ በአገሩ እንደሚኖር፥ የትኛውም በጥቅምት መጥቶ በመጋቢት እንደሚመለስ ይታወቃል።

ሰዎች ይህን ሳይጽፉ በግምት ብቻ በተናገሩ ጊዜ ብዙ ተሳስተዋል። በቀድሞ ዘመን ከኤውሮጳ ሊቃውንት አንዳንዶቹ፥ ጨረባ በብርድ ወራት በሐይቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ትተኛለች ብለው ያስተምሩ ነበር። በ1822 ግን በጀርመን አገር አንዲት ሽመላ ተገደለች፤ በአንገቷም ላይ የአፍሪካ ሰው የወረወረው እንጨት ተሰክቶ ነበር። እንጨቱን ተሸክማ ባሕርና ምድረ በዳ ተሻግራ ወደ አገሯ ተመልሳ ነበር። ይህች ሽመላ በሮስቶክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቃ ትገኛለች። በ1899 ደግሞ ሞርቴንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር፥ ቍጥር የተጻፈበት ቀላል ቀለበት በወፎች እግር ላይ እያሰረ ይለቃቸው ጀመር። ቀለበት ያላትን ወፍ ያገኘ ሰው ለመምህሩ ቢጽፍለት፥ ወፏ ከየት ወዴት እንደ ሄደች ይታወቃል።

በእኛም አገር የሚመረመር ነገር አለ። የመስቀል ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ከሩቅ አገር ይመጣል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሲጠፋ የሚሰነብተውንም ሰው በርሱ ይመስሉታል። ነገር ግን በዚህ ስም ከሚጠሩት ወፎች ቀይና ጥቍር፥ ወይም ቢጫና ጥቍር የሚለብሱት ከአገራቸው ርቀው የሚሄዱ አይደሉም። ወንዱ በክረምትና በመስከረም የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ያማረውን ልብስ ይለብሳል፤ ጊዜው ሲያልፍ ያወልቀውና እንደ ሴቲቱ ቡናማ ሆኖ ከድንቢጥ ጋር ይመሳሰላል። በጥር ወር በአጠገባችን ሲለቅም እናየዋለን፥ ግን አናውቀውም። ስለዚህ የመስቀል ወፍ ሄደ ያልነው ሳይሄድ ነው፤ ከከብቶቹ እግር ሥር የምናያት ትንሽ ወፍ ግን የቅርብ ስትመስለን ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የተጓዘች ናት።

ወፎች የሚሰደዱት ብርድን ፈርተው ብቻ አይደለም። በኤውሮጳ በክረምት ቀኑ ያጥራል፥ ነፍሳት ይጠፋሉ፥ ውኃው በረዶ ይሆናል፤ ስለዚህ ምግብ ፍለጋ ይነሣሉ። በእኛ አገር በዚያን ጊዜ ዝናሙ ምድርን አጥግቦ ስላለፈ ሣሩና እህሉ፥ ነፍሳቱም ብዙ ናቸው። መንገዳቸውንም በፀሐይ፥ በከዋክብትና በምድር የመግነጢስ ኃይል እንደሚያውቁ ሊቃውንት መርምረው አግኝተዋል። ዛሬም በየዓመቱ አንገተ ረጃጅምና ግራጫ የሆኑ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ወፎች ከሰሜን አገር መጥተው በጣና ዙሪያ ይከርማሉ። ነቢዩ ኤርምያስ ጊዜዋን ስለማታጓድል ሽመላን ለሰው ምሳሌ አድርጎ መጥቀሱ ስለዚህ ነው።

ቺዝማን በ1934 ወደ አገሩ ተመለሰ። የሰበሰባቸውንም ወፎች ዊልያም ስክሌተር ከተባለ ሊቅ ጋር መርምሮ፥ በ1935 እና በ1936 ስለ ወፎች በሚታተመው አይቢስ በተባለ መጽሔት አሳተመ። በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የንጉሥ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜም ቺዝማን በካርቱም ሆኖ ስለ ጎጃም መንገድና ስለ ሕዝቡ ያለውን ዕውቀት ለአርበኞች ረዳት ለሆኑት አቀረበ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1941 በጎጃም በኩል ተመልሰው ወደ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ወንዝ ሲለካና ወፍ ሲመረምር የጻፈው፥ ባላሰበው ቀን ለሌላ ሥራ ጠቀመ። ቺዝማን በ1962 ዓመተ ምሕረት በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። በዚያ ዘመን ወፍን ለማወቅ ወፍን መግደል ግድ ነበረ፤ ዛሬ ግን በመነጽር አይቶና ቀለበት አስሮ በመልቀቅ መመርመር ስለሚቻል ያለ ምክንያት ወፍ የሚገድል ልጅ ነውረኛ ነው። ደግሞም የጎጃም ገበሬ ከቺዝማን አስቀድሞ ወፎችን ያውቅ ነበር፤ የትኛው ወፍ ሲጮኽ ዝናም እንደሚቀርብ፥ የትኛውም በአዝመራ ጊዜ እንደሚመጣ አባት ለልጁ ይነግረው ነበር። ነገር ግን ያ ዕውቀት አብዛኛው አልተጻፈም፤ ሽማግሌው በሞተ ጊዜ አብሮት ተቀበረ። የቺዝማን ወረቀቶች ግን በእንግሊዝ አገር በቤተ መዘክር ካሉት ወፎች ጋር እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ፊደል የተማራችሁት የሌላውን ሰው ጽሑፍ ለማንበብ ብቻ አይደለም። በመስከረምና በጥቅምት ከየወፉ የመዠመሪያውን ያያችሁበትን ቀንና ቦታ በደብተራችሁ ጻፉ፤ የመጨረሻውንም በሚያዝያ ጻፉ። አያቶቻችሁ ስለ ወፎች የሚያውቁትን ጠይቃችሁ ከስማቸው ጋር መዝግቡ። ያላያችሁትን አትጨምሩ፥ ያያችሁትንም አታስቀሩ። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ማለታቸው ስለዚህ ነው።