ገንዘብ የለም ቢሏት ገንዘቡን ፍለጋ የወጣችው መምህርት

ስለ መምህራን ደመወዝ ሲወራ ዘወትር የምንሰማው ነገር ሁለት ነው። አንዱ መምህር ሻማ ነው፣ ለሌላው እያበራ ራሱ ይቀልጣል የሚለው ሙገሳ ሲሆን ሁለተኛው በጀት የለም የሚለው መልስ ነው። ሙገሳው ኪስ አይገባም፤ መልሱም ወሬውን እዚያው ይዘጋዋል። እኔም የመምህርነት ተማሪ እንደመሆኔ ሁለቱንም ለምጃቸው ነበር። የማርጋሬት ሄሊን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ግን ሁለተኛው መልስ እንደ ድሮው አልዋጥ አለኝ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሄሊ የተወለደችው በ1861 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ጆሊየት በምትባል ከተማ ከአየርላንዳዊ ዘር ነው። ማስተማር የጀመረችው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ከ1884 ጀምሮ ለ16 ዓመታት ደግሞ በቺካጎ የቄራዎች ሰፈር በሚገኘው ሄንድሪክስ ትምህርት ቤት 6ኛ ክፍል አስተምራለች። በዚያ ዘመን በቺካጎ አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት በአንድ ክፍል እስከ 60 ልጅ ይዛ ታስተምር ነበር። ከልጆቹ ብዙዎቹ የስደተኛ ሠራተኛ ልጆች ስለነበሩ ቋንቋውን እንኳ ገና አልለመዱትም። የአንደኛ ደረጃ መምህራኑ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ሲሆኑ፣ ከፍተኛ ደመወዛቸው ለ20 ዓመት ያህል ፈቀቅ አላለም ነበር።

በ1897 መምህራኑ የጡረታ መብታቸውን ለማስከበር የቺካጎ መምህራን ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። ሄሊ በማግሥቱ ዓመት ገባችና ካትሪን ጎጊን ከምትባለው የሥራ ባልደረባዋ ጋር ሆና መሪ ለመሆን ብዙም አልቆየችም። በ1898 የትምህርት ቦርዱ የደመወዝ ጭማሪ ፈቀደ። ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ ቦርዱ ብዙም ሳይቆይ ካዝናው ባዶ ነው ብሎ ጭማሪውን ሰረዘው።

እንግዲህ ዋናው ታሪክ እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አቤቱታ ጽፎ፣ ለምኖ፣ ሲያቅተው ይተወዋል። ሄሊና ጎጊን ግን ካዝናው ለምን ባዶ ሆነ ብለው ጠየቁ። የትምህርት ቤቶቹ ገቢ የሚመጣው ከንብረት ግብር ስለነበር የግብር መዝገብ ማገላበጥ ጀመሩ። ሄሊ በ1900 ክፍሏን ትታ የፌዴሬሽኑ ደመወዝተኛ ሆነችና ሙሉ ጊዜዋን ለዚሁ ሥራ ሰጠች። ያገኙት ነገር የሚገርም ነው። የከተማው የጋዝ፣ የመብራት፣ የስልክና የከተማ ባቡር ኩባንያዎች በሕዝቡ መንገድ ላይ ቧንቧና ሽቦ ለመዘርጋት፣ ሐዲድ ለማንጠፍ ልዩ ፈቃድ ተሰጥቷቸዋል። ይህ ፈቃድ በራሱ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ሀብት ሲሆን በሕጉ መሠረት ግብር ይከፈልበታል። ኩባንያዎቹ ግን በፈቃዱ ላይ አልከፈሉም፤ ገማቾቹም አልጠየቋቸውም። ጎጆ ያለው ሠራተኛ ይከፍላል፣ ባቡር ያለው ባለሀብት አይከፍልም ማለት ነው!

መምህራኑ ጉዳዩን የግዛቱን የግብር ግምት ለሚያስተካክለው ቦርድ አቀረቡ። ቦርዱ እምቢ ሲል ፍርድ ቤት ሄዱ። የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1901 ለመምህራኑ ፈረደ። ኩባንያዎቹም ዝም አላሉም፤ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሮጠው ከዕዳው ብዙውን አስቀነሱ። እንዲያም ሆኖ በዓመት ወደ 600 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ግብር ተገኘ፤ ከዚህም ውስጥ ለትምህርት ቤቶቹ ወደ 250 ሺህ ዶላር ገደማ ደረሳቸው።

ታዲያ መምህራኑ ጭማሪያቸውን ያገኙ ይመስላችኋል? ቦርዱ በገንዘቡ የድንጋይ ከሰል ዕዳ ሊከፍልበትና ሕንፃ ሊያድስበት ወሰነ። እነሱ በራሳቸው ላብ ባስገቡት ገንዘብ! እንደገና ክስ ተመሠረተ፤ በ1904 ዳኛ ኤድዋርድ ዳን ለመምህራኑ ፈረዱ። እኚህ ዳኛ በማግሥቱ ዓመት የቺካጎ ከንቲባ ሆነዋል።

በዚህ መሐል በ1902 ፌዴሬሽኑ የቺካጎ የሠራተኞች ፌዴሬሽን አባል ሆነ። የተማረች መምህርት ከከብት አራጅና ከሹፌር ጋር አንድ ማኅበር ውስጥ ምን ትሠራለች ተብሎ ብዙ ተወርቷል። የሄሊ ስሌት ግን ግልጽ ነው፤ መምህራኑ ሴቶች በመሆናቸው ለከንቲባ ድምፅ አይሰጡም፣ ሠራተኞቹ ወንዶች ግን ይሰጣሉ። የኢሊኖይ ሴቶች ለከንቲባና ለፕሬዚዳንት የመምረጥ መብት ያገኙት በ1913 ነው።

በ1901 ዲትሮይት ላይ በተደረገው የብሔራዊ ትምህርት ማኅበር ጉባኤ የአገሪቱ የትምህርት ኮሚሽነር ዊሊያም ሃሪስ ስለ ትምህርት ቤቶች ብልጽግና ሲያወሩ ሄሊ ከተሰብሳቢው መሐል ተነስታ የመምህራኑን ደመወዝ አነሳችባቸው። ሰውዬው የደከማት መምህርት ናት፣ አትስሟት በሚል ዓይነት መልስ አጣጣሏት። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ማኅበር መድረክ ሴንት ልዊስ ላይ መምህራን ለምን መደራጀት እንዳለባቸው ንግግር አደረገች። ዝቅተኛ ደመወዝን፣ የሥራ ዋስትና ማጣትን፣ የተጨናነቀ ክፍልንና መምህሩን ትእዛዝ ፈጻሚ ብቻ አድርጎ ማየትን አንድ ላይ አያይዛ አቀረበች። እኔን የሳበኝ የመጨረሻው ነው። በሄሊ አስተያየት የመምህሩ አእምሮ ካልተከበረ የኪሱ መሙላት ብቻውን አይበቃም።

ድሉ ግን አልዘለቀም። በ1915 የትምህርት ቦርዱ መምህራን ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር የተያያዘ ድርጅት አባል እንዳይሆኑ ከለከለ። በ1916 ጎጊን በመኪና አደጋ ሞተች፤ በዚያው ዓመት ቦርዱ 68 መምህራንን መልሶ አልቀጥርም አለ፤ ከነዚህ ብዙዎቹ የፌዴሬሽኑ አባላት ነበሩ። በ1917 ፍርድ ቤቱ ክልከላውን ሲያጸናው ሄሊ ፌዴሬሽኗን ከሠራተኞቹ ማኅበር አስወጣች። አንዳንዶች ይህን እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል። በበኩሌ አልፈርድባትም፤ የተባረሩት ሰዎች እንጀራ ነበር የተያዘው። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ደግሞ ለመምህራን ከሙከራ ጊዜ በኋላ የሥራ ዋስትና ሰጣቸው።

ጥፋት የለባትም ማለቴ ግን አይደለም። ከእሷ ጋር የማይስማማ ሰው መታገሥ ይከብዳት ነበር። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ የቺካጎ መምህራን ለወራት ያለ ደመወዝ ሲሠሩና በ1933 በየባንኩ በር ሰልፍ ሲወጡ ግንባር ቀደሞቹ ሌሎች ነበሩ። በ1937 ማኅበራቱ ተዋሕደው የቺካጎ መምህራን ዩኒየን ሲቋቋም የሄሊ ፌዴሬሽን ብቻውን ቀረ። በጃንዋሪ 1939 በ77 ዓመቷ አረፈች። የራሷን ሕይወት የጻፈችበት መጽሐፍ ታትሞ የወጣው በ1982 ነው።