ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ ከባዶ እግር ሩጫ እስከ ተሽከርካሪ ወንበር

ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሸዋ፣ ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር የተወለደው አበበ ቢቂላ እንደ አካባቢው ልጆች ከብት እየጠበቀና ገና እየተጫወተ አደገ። በኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ፤ በዚያም ከስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ጋር ተገናኘ።

የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። የቀረበለት አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተስማማው በባዶ እግሩ ሮጠ። ዛሬ መርካቶ ውስጥ የስፖርት ጫማ ተከምሮ ለሚያይ ሰው ነገሩ ተረት ሊመስለው ይችላል፤ ለገጠር ልጅ ግን በባዶ እግር መሮጥ እንግዳ አልነበረም። ፋሽስት ኢጣሊያ ከአክሱም ወስዳ በሮም ካቆመችው ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨምሮ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎት ሄደ። በችቦ ብርሃን የፈጸመውም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው።

የቶኪዮው ድል በዚህ ጸሐፊ ዓይን ከሮሙ ይበልጣል። ውድድሩ ስድስት ሳምንት ሳይቀረው አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ሰው እንኳን 42 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ፣ ከባድ ዕቃ እንዳያነሳ ይመከራል። ሆኖም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛው እንግሊዛዊ ባዚል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በኋላ ደረሰ። አበበም ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን ወደ ላይ እያነሳ የሰውነት ማፍታቻ ሲሠራ ተመልካቹ በአግራሞት ያየው ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በታሪክ የመጀመሪያው ሆነ።

በሜክሲኮ በ1961 ዓ.ም እግሩ ታሞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ሌሊት የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን ተገለበጠች። አከርካሪው ክፉኛ ተጎዳ፤ በመጀመሪያ እጆቹም አልታዘዙለትም ነበር። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ወራትን ፈጅቶ የእጆቹን ኃይል መለሰ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ታሪክ እዚህ ያበቃል፤ የአበበ ውድድር ግን አላበቃም። በ1962 ዓ.ም በዚያው በስቶክ ማንደቪል በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ወረወረ። በ1963 ዓ.ም ደግሞ በእንግድነት በተጋበዘበት በኖርዌይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ መንሸራተቻም ተፎካካሪዎቹን ሁሉ ቀደመ።

በሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ተገኝቶ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት፤ የማራቶኑ አሸናፊ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ እርሱ ሄዶ እጁን ጨበጠ። አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ አረፈ። ንጉሠ ነገሥቱና እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኙበት በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ።