በ20 ሺህ ጠመንጃ ተከበው ዘጠኝ ወር ያልተያዙት ንጉሥ

በቪዲዮ ቤት ዘመን የካውቦይ ፊልም እያየ ያደገ የከተማ ልጅ ሁሉ ያቺን ጠመንጃ ያውቃታል። ጆን ዌይን ከፈረሱ ሳይወርድ ይተኩሳል። ከምላጩ ሥር ያለችውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ገፋ፣ ወደ ላይ መለስ ያደርጋታል። ቀለሁ ይፈናጠራል፣ አዲስ ጥይት ይጎርሳል፣ ደግሞ ይተኩሳል። ዊንቸስተር ናት። የዛሬው ባለታሪካችን ግን ጆን ዌይን አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቷ ጠመንጃ የተሠራ የሚመስል ጫካ ይዘው፣ ጠመንጃው ግን ያልደረሳቸው የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሻሮቾ ናቸው።

በከፋ ንጉሥ ታቶ ይባላል። ታቶ ጋኪ ሻሮቾ ዙፋን ላይ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1890፣ በእኛ በ1882 ዓ.ም. ነው። የነገሡባት አገር ትንሽ አልነበረችም። በአፈ ታሪክ ወደ 500 ዓመት የሚቆጠር የነገሥታት መስመር፣ ሚክረቾ የሚባል የሰባት ሰዎች ምክር ቤት፣ ቦንጋና አንድራቻ የተባሉ መናገሻ ከተሞች ነበሯት። ቡናው፣ ማሩ፣ የጥርኝ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ ከዚያ እየወጣ ሩቅ ድረስ ይሸጥ ነበር። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ እሱን መደበቅ አይቻልም።

ከፋ በር ዘግቶ የሚጫወት ቡድን ነበረች ብንል አንባቢ ቶሎ ይገባዋል። ዳር ድንበሯ በጥልቅ ጉድጓድና በአጥር የታጠረ ነው። መግቢያው በታወቁ በሮች ብቻ ነው። እነዚያን በሮች ከሚጠብቁት መካከል ማንጆዎች ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ በአደን የታወቁ የጫካ ሰዎች ናቸው። አገሩ ሲንቃቸው ኖሯል፣ በር የማስጠበቅ ጊዜ ግን ያለ እነሱ አልሆነለትም። ዱካ የሚያውቅ፣ ጦር ወርውሮ የማይስት አዳኝ ለበር ጠባቂነት ማን ይወዳደረዋል?

ይሄ መከላከል ለብዙ ዘመን ሠርቷል። ችግሩ፣ ጠላትን ያስቀረው በር ጠመንጃውንም ማስቀረቱ ነው። መሣሪያ ወደ ከፋ የሚያስገባው የንግድ መንገድ በሸዋና በጅማ በኩል ያልፋል። የጅማው አባ ጅፋር ደግሞ ቀደም ብለው ለምኒልክ ገብረዋል። ታዲያ ለንጉሡ ማን ያሻግርላቸው? በመጨረሻው ሰዓት በእጃቸው ነበረ የሚባለው 300 ያህል አሮጌ ጠመንጃ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ዊንቸስተሯ እንመለስ፤ ነገሩ የሚገባን በእሷ ነውና። ተደጋጋሚ ተኳሽዋ የሄንሪ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1860 ስትወጣ በአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ ጥይት ተደርድሮ ይጫንባት ነበር። ከእሷ ቀጥሎ የ1866ቱ፣ የ1873ቱ ዊንቸስተር መጣ። በ1894 ጆን ብራውኒንግ የነደፋት ደግሞ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። አዳኝ ለምን ወደዳት? አንደኛ፣ ቀጭን ናት፤ በፈረስም በእግርም ጥሻ ለጥሻ ስትሄድ አትያዝም። ሁለተኛው ዋናው ነው። ሰደፉን ከትከሻ ሳያነሱ፣ ዓይንን ከአውሬው ሳይነቅሉ ሁለተኛውን መድገም ይቻላል። ለሩቅ ተኩስ የምትመረጥ አይደለችም። ጥይቷም ጫፉ ደፍጠጥ ያለ ነው። ቱቦው ውስጥ አንዱ ከአንዱ ኋላ ስለሚደረደር፣ ሹል ቢሆን ከፊቱ ያለውን ቂጡን ነክቶ ሊያፈነዳው ይችላል። ሹል ያልሆነ ጥይት ሩቅ ሲሄድ ይደክማል። ግን ሃምሳ ሜትር ማየት በማይቻልበት ጫካ ሩቅ ማን ይተኩሳል? እንደ ቦንጋ ዙሪያ ላለ ጥቅጥቅ ደን ሁለተኛው ጥይት ነው ሕይወት። ጎሽ ቆስሎ ሲዞርብህ ጊዜ አይሰጥህም።

ሁለተኛው ጥይት በሰው ጦርነት ላይ ምን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ1876 በሊትል ቢግሆርን ታይቷል። የአሜሪካው መኮንን ኩስተር ወታደሮች አንድ አጉርሰው አንድ የሚተኩሱበት ጠመንጃ ይዘው ነበር። ከገጠሟቸው ሕንዶች ከፊሎቹ ሄንሪና ዊንቸስተር ይዘዋል። ኩስተር ከእነ ተከታዮቹ እዚያው ቀረ። ከፋ ውስጥ የሆነው ግን ግልባጩ ነው።

ምኒልክ የጠመንጃ ነገር ይገባቸዋል። በየጊዜው የገዙት ውጅግራ አለ፤ እሱም አንድ አጉራሽ ነው፣ የፈረንሳዮች የ1874 ሥሪት። ሬሚንግተን አለ። በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ የተማረከው የጣሊያን ጠመንጃ ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ነው። ዓድዋ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዘመቻው ወደ ከፋ ዞረ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በኮንታ በኩል፣ ደጃዝማች ተሰማ ናደው ከኢሉባቦር፣ ደጃዝማች ደምሰው ከወለጋ፣ የአባ ጅፋር ጦር ከጅማ። በጠቅላላው ወደ 31 ሺህ ሰው፣ ወደ 20 ሺህ ጠመንጃ ይገመታል። 20 ሺህ ለ300። ውጤቱን ለመገመት ተንታኝ አያስፈልግም።

ሆኖም ንጉሡ በመጀመሪያው ሳምንት አልተያዙም፣ በመጀመሪያው ወርም አልተያዙም። መናገሻቸው ተይዞ፣ ቤታቸው ተቃጥሎ፣ ጫካ ለጫካ እየዞሩ ዘጠኝ ወር ቆዩ። ጠመንጃ በሌለበት ጫካው ራሱ ተዋጋላቸው ማለት ይቻላል። ብዙ ጥይት ያለው ሠራዊት እንኳ የማይታየውን ሰው አይመታም፤ አደን የሞከረ ሁሉ ይሄን ያውቃል። በኳስ ቋንቋ ብንናገር እስከ መጨረሻው ደቂቃ ጎል ሳያስገቡ የቆዩ ናቸው። ግን ይሄ ጨዋታ አልነበረም፤ በሁለቱም ወገን ሰው ያለቀበት፣ የከፋ ገበሬ ማሳውና ጎጆው የወደመበት ጦርነት ነው። ስለዚህ ምሳሌውን እዚህ ላይ እናቁመው።

መጨረሻው በ1890 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ሰሞን ሆነ። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1897 ጋኪ ሻሮቾ ተያዙ። እንደሚተረከው በብር ሰንሰለት ታሰሩ፤ ንጉሥ በብረት አይታሰርም ብለው ነው ይባላል። ጎጀብ ወንዝ ሲደርሱ ደግሞ የወርቅ ቀለበታቸውን አውልቀው ውሃው ውስጥ ጣሉት ይባላል። ከዚያ በኋላ ከፋ ንጉሥ አልነበራትም።

ወራት ቆይቶ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር በዚያ ያለፈው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች በከፋ መንገድ ዳር የሰው አጥንት ተበትኖ ማየቱን ጽፏል። ይህ ሰው ፈረሰኛም አዳኝም ነው፤ ዝሆን አድኗል፣ ከዘማቹ ጋር እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ዘልቋል። ስለ ዝሆን ግዳይ በጋለ ስሜት የሚጽፈው ብዕሩ ከፋ ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዛል።

ከዚያ በኋላ ጠመንጃ ወደ ከፋ ጫካ ገባ፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ነው። ነፍጠኛው ዝሆን እየጣለ ጥርሱን ሸጠ፣ በጥርሱ ገንዘብ ደግሞ ጠመንጃና ጥይት ገዛ። በዚያ ዘመን ጥይት ራሱ በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሰጥ ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ አዳኙ አንዴ ሲስት ኪሱ ውስጥ ያለውን ሳንቲም መበተኑ ነው። አንድ ጥይት አጉርሶ በእግሩ የሚጠጋ ሰው ዝሆን ፊት የቆመበትን ሁኔታ ከዊንቸስተር ጋር ማወዳደር አይቻልም። እሱ ድፍረት ነው፣ ያኛው ምቾት።

ምቾቱን ያየው የአሜሪካው ቴዎዶር ሩዝቬልት ነበር። ፕሬዚዳንት ሳለ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1904 የሜዳ አህያ በስጦታ ልከውለት ነበር። ሥልጣኑን በለቀቀበት በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲመጣ ከያዛቸው መሣሪያዎች መካከል የሚመካባት የ1895 ሥሪት ዊንቸስተሩ ነበረች፤ ለአንበሳ መድኃኒት አድርጎ ነበር የሚያያት። ዓለም የአደን ወሬውን በጋዜጣ ሲከታተል ጋኪ ሻሮቾ ከተያዙ 12ኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። ስለ እሳቸው የሚጽፍ ጋዜጠኛ አልነበረም።

ማራኪያቸው ወልደ ጊዮርጊስ ከጊዜ በኋላ ራሳቸው ንጉሥ ተብለው ነገሡ፤ በ1910 ዓ.ም. ሞቱ። ዝሆኖቹም ከከፋ እየራቁ ሄዱ። ዛሬ በዚያ አቅጣጫ ዝሆን ማየት የሚሻ ሰው ወልደ ጊዮርጊስ በዘመቱበት በኮንታ በኩል ወደ ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ መሄድ አለበት። ጋኪ ሻሮቾ ደግሞ ከተያዙ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረው፣ ወደ ዙፋናቸው ሳይመለሱ አረፉ።