ሉቅ ሃዋርድ፤ የከተማን ሙቀት የለካው መድኃኒት ቀማሚ

ስለ ደመና የተማረ ሰው ሁሉ ኩሙሉስ፣ ስትራቱስ፣ ሲሩስ የሚባሉትን ስሞች ያውቃል። ስሞቹን ያወጣውን ሰው የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እርሱም እንግሊዛዊው መድኃኒት ቀማሚ ሉቅ ሃዋርድ ነው።

ሃዋርድ በ1772 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በለንደን ተወለደ። ወላጆቹ ኩዌከር ከሚባለው የክርስቲያኖች ማኅበር ነበሩ። ልጁ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ከመድኃኒት ነጋዴ ዘንድ ሙያ እንዲለምድ ተሰጠ። በኋላም የራሱን የመድኃኒትና የኬሚካል ፋብሪካ አቋቋመ። ዕድሜውን ሙሉ እንጀራው ከፋብሪካው፣ ልቡ ግን ከሰማዩ ነበር። በ1802 ዓ.ም. ለጥቂት ወዳጆቹ ባደረገው ንግግር ደመናዎችን በየወገናቸው ለይቶ ስም ሰጣቸው።

ከዚህ የሚበልጠው ሥራው ግን ብዙ ዝና ያላገኘው ነው። ሃዋርድ ከለንደን ወጣ ብሎ ባሉ መንደሮች ሲኖር የአየሩን ሙቀት በየቀኑ እየለካ በመዝገብ ይጽፍ ነበር። ይህንንም በከተማው መካከል ከተለካው ጋር ቢያስተያየው፣ የከተማው ሌሊት ከገጠሩ ሌሊት በ2 ሴንቲግሬድ ያህል የሞቀ ሆኖ አገኘው። ውጤቱን በ1818 እና በ1820 ዓ.ም. ስለ ለንደን አየር ጠባይ ባሳተማቸው ሁለት ቅጾች ገለጸ። ምክንያቱንም ሲመረምር፣ ምድጃው እሳት ያነዳል፤ ግንቡ የቀኑን ሙቀት ይይዛል፤ ቤቶቹ ነፋሱን ያግዳሉ፤ እንደ ገጠሩ ምድር ውሃ በብዛት ስለማይተንም አየሩ አይቀዘቅዝም ሲል ጻፈ። ዛሬ የከተማ የሙቀት ደሴት የሚባለው ይኸው ነው።

ሃዋርድ በ1864 ዓ.ም. በ91 ዓመቱ ሲሞት ለንደን ከልጅነቱ ዘመን ይልቅ እጅግ ሰፍታ ነበር። ለለንደን ሰው በብርድ ወራት የሌሊቱ ሙቀት ምናልባት ምቾት ነው። በሞቃቱ የምድር ወገብ አካባቢ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሲንጋፖር ጸጥ ባለ ሌሊት የመሐል ከተማው ሙቀት ዛፍ ከበዛበት ዳርቻ እስከ 7 ሴንቲግሬድ እንደሚበልጥ ተለክቷል። በዚያ አገር ብዙ ነፍሳት የሚኖሩት ሊችሉት ከሚችሉት ሙቀት ጫፍ አጠገብ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ጭማሪም ብዙዎቹን ሊጎዳ ይችላል። የደንጊን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ግን ሙቀቱ ከልክ እስካላለፈ ድረስ ፈጥና ታድጋለች። ሰውም ሌሊት ሰውነቱ ካልቀዘቀዘለት የቀኑን ድካም ተሸክሞ ያድራል።

መድኃኒቱም ሃዋርድ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች ይገኛል፤ ዛፍ መትከል፣ ውሃውንና አፈሩን በሲሚንቶ አለመድፈን፣ ለነፋስ መንገድ መተው ነው። ይህን ሁሉ ያሳወቀን ሰው መሣሪያው ቴርሞሜትር፣ መዝገብና የብዙ ዓመት ትዕግሥት ነበር። ነገ ከተማ የምንሠራ ወጣቶች ዛፍ ለመቁረጥ ምሳር ከማንሣታችን በፊት ያንን መዝገብ እናስታውስ።