በኳስ ፓምፕ የተነፋው ጎማ

ዛሬ ከሳር ሜዳው ትንሽ ወጣ እንላለን። ብዙ ግን አንርቅም። የዛሬው ባለታሪካችን ዓለምን ያስጋለበበት ነገር የተጀመረው በልጁ የእግር ኳስ መንፊያ ፓምፕ ነውና። ሰውየው ጆን ቦይድ ደንሎፕ ይባላል። ስሙን ጎሚስታ ቤት በር ላይ ከተደረደሩ ጎማዎች ላይ ያላነበበ የለም፤ ሰው መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ደንሎፕ መካኒክ አልነበረም፤ የእንስሳት ሐኪም ነው። በ1840 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ ድሬግሆርን በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ኤደንብራ ተምሮ በ1867 ወደ አየርላንድ ተሻገረ፣ ቤልፋስት ውስጥም ስም ያለው የከብትና የፈረስ ሕክምና ከፈተ። ጢሙ ረጅም፣ ሥራው ፀጥ ያለ፣ ኑሮው የተደላደለ ሰው ነበር።

ችግሩን ያመጣው ትንሹ ልጁ ጆኒ ነው። ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት አለው፤ የቤልፋስት መንገድ ደግሞ ድንጋይ ንጣፍ። የዚያን ጊዜ ጎማ ድፍን ላስቲክ ስለነበር እያንዳንዱ ድንጋይ በቀጥታ አከርካሪ ላይ ነው የሚያርፈው። ይሄን ለጉለሌ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ሰፈር ኮብልስቶን ላይ በብስክሌት የወረደ ሁሉ ጥርሱ ያስታውሰዋል።

በ1887 ደንሎፕ ክብ እንጨት አዘጋጀ፣ ከስስ ላስቲክ ቱቦ ሠርቶ ዙሪያውን በጨርቅ አሰረበት፣ በልጁ የኳስ ፓምፕ ነፋው። ልክ የኳስ ካላማዳሪ ነፍተን አፉን እንደምናስረው ማለት ነው። ከዚያ የብስክሌቱን ድፍን ጎማና አዲሱን ጎማ ግቢው ውስጥ በየተራ አንከባለላቸው። ድፍኑ መንገድ ላይ ቀረ። ባለ አየሩ ግቢውን ጨርሶ የበሩን ምሰሶ ገጭቶ ተመለሰ። በቃ፣ ውጤቱ ይኸው ነበር። በ1888 መጨረሻ የፈጠራ መብት ወረቀቱን እጁ አስገባ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ነው እኔን የሚገርመኝ። ጎማው ተሠራ፤ ብስክሌቱ ግን አልተቀበለውም። አዲሱ ጎማ ወፍራም ነዋ! የድሮው ብስክሌት የፊት ሹካ የተሠራው ለቀጭን ላስቲክ ስለሆነ ወፍራሙ በመሃል አያልፍም። ስለዚህ ቤልፋስት ውስጥ ለጎማው የሚሆን ሰፋ ያለ ሹካና ፍሬም ያላቸው ብስክሌቶች አዲስ መሥራት ግድ ሆነ።

ግንቦት 1889 በቤልፋስት ኩዊንስ ኮሌጅ ውድድር ላይ የብስክሌት ክለብ አምበሉ ዊሊ ሂዩም በዚህ ወፍራም ጎማ ብቅ ሲል ተመልካቹ ሳቀ። ሂዩም አራቱንም ውድድር በላ። ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ሊቨርፑል ላይም ከአንዱ በስተቀር የቀሩትን አሸነፈ። ከተሸናፊዎቹ መሃል የአየርላንድ ብስክሌተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት የሃርቪ ዱ ክሮ ልጆች ነበሩ። አባትዬው አልተናደደም፤ ነጋዴ ነውና ሒሳቡን ሠራ። በዚያው ዓመት ደብሊን ላይ ከደንሎፕ ጋር ኩባንያ ቆመ።

አንድ ጣጣ ቀርቶ ነበር። የደንሎፕ ጎማ በሙጫና በጨርቅ ቸርኬው ላይ የተጠቀለለ ስለሆነ ከተነፈሰ መፍታቱ መከራ ነው። በ1890 ቻርልስ ኪንግስተን ዌልች የጎማው ጠርዝ ውስጥ ሽቦ አስገብቶ፣ ለሽቦው የሚሆን ጎድጎድ ያለ ቸርኬ ሠራ፤ ኩባንያውም መብቱን ገዛው። ዛሬ ጎሚስታው በሌቫ ፈልቅቆ የሚያወጣው ጎማ የዚያ ዘር ነው። ጎማና ቸርኬ በልክ መጋባት የጀመሩት ያኔ ነው።

ያ ልክ አሁን የረጅም መንገድ ሞተር ያላቸው ሰዎች የሚከራከሩበት ጉዳይ ሆኗል። ደንሎፕ የሚል ጎማ ለብዙ ዓመታት ሲገጠምለት የኖረውን ሃርሊ ዴቪድሰን እንውሰድ። የብዙዎቹ የቱሪንግ ሞዴሎቹ የኋላ ጎማ ለዓመታት 180/65 ባለ 16 ሆኖ ቆይቷል። 180 ማለት ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 65 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 ከመቶ (117 ሚሊ ሜትር)፣ 16 ደግሞ የቸርኬው ኢንች። ፊት ለፊት አንዳንዱ 130/80 ባለ 17፣ አንዳንዱ 130/70 ባለ 18 ይገጠምለታል። ሒሳቡን ቢሠሩት የሁለቱም ጠቅላላ ቁመት 64 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች። ቸርኬው አደገ፣ የጎማው ጎን አጠረ፣ ሞተሩ ምንም አላወቀም።

ለማማር ብሎ 130/60 ባለ 21 የሚያስገጥም ግን አለ። ቁመቱ ወደ 69 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። የሞተሩ አፍንጫ 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይነሳል፣ የመሪው አያያዝ ይቀየራል፣ መጀመሪያም ሹካውና ፓራፋንጎው ካሳለፈው ነው። ባለ ኤቢኤስ ከሆነ የሁለቱን ጎማ ዙር የሚያነጻጽረው ኮምፒውተር ሊደናገር ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው በቸርኬውና በጉድጓዱ መሃል ያለው የጎማ ጎን ከ104 ወደ 78 ሚሊ ሜትር መውረዱ ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ በሱሉልታ አድርጎ፣ ሰውና ሻንጣ ጭኖ የአባይን በረሃ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። የመጫን አቅሙም ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ 81 የሚል ከሆነ በሚገባው ልክ ተነፍቶ 462 ኪሎ ይሸከማል። ከፋብሪካው ቁጥር ያነሰ ካዩ፣ ቸርኬው የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ እኔ በበኩሌ አልመክርም።

ወደ ደንሎፕ እንመለስ፤ ነገሩ አላማረም። መብቱን ካገኘ ከሁለት ዓመት በኋላ ወረቀቱ ዋጋ እንደሌለው ተነገረው። ለካስ ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ በአየር የሚነፋ ጎማ ገና በ1840ዎቹ አስመዝግቦ ኖሯል። ያን ጊዜ ነገሩ ለሠረገላ ነበር፣ ገዢ አጣ፣ ተረሳ። ቶምሰንም በ1873 ሞቷል። ደንሎፕ ስለሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ኩባንያውን ከመውደቅ ያዳኑት እንደ ዌልች ሽቦ ያሉ የተገዙ መብቶችና የዱ ክሮ የንግድ ብልሃት ናቸው።

ደንሎፕ በ1895 ኩባንያውን ለቀቀ። በዓመቱ ድርጅቱ በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። ፈጣሪው ከዚያ ውስጥ አልነበረበትም፤ ድርሻው ቀድሞም ትንሽ ነበረች። ደብሊን ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ንግድ ይዞ ኖረ። ስሙ በየአገሩ በጎማ ላይ ሲዞር እሱ በ1921፣ በ81 ዓመቱ እዚያው ደብሊን ቤቱ ውስጥ አረፈ። ስሙን የያዙ ጎማዎች ከ2010 እስከ 2023 በሞቶ 2 የዓለም ሻምፒዮና የሁሉም ተወዳዳሪዎች ብቸኛ ጎማ ነበሩ።